መዋጮው የነጋዴው፣ ማዘዙ የማን?

በከተሞቻችን ውስጥ «መዋጮ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ኪሱን የማይዳብስ ነጋዴ ካለ፣ እሱ ወይ ትናንት ንግድ ፈቃድ ያወጣ ነው፣ ወይ የሹም ዘመድ ነው። ለመንገድ መዋጮ፣ ለበዓል መዋጮ፣ ለስታዲየም መዋጮ፣ ለሰልፍ መዋጮ፣ ለእንግዳ መቀበያ መዋጮ! ደብዳቤው ሲመጣ «በበጎ ፈቃድ» ይላል። ከሥሩ ግን የሚከፈለው የብር መጠንና የመጨረሻው ቀን ተጽፎበታል። በጎ ፈቃድ የመጨረሻ ቀን ካለው ምኑን በጎ ፈቃድ ሆነ? ይህን የጠየቀ «ፀረ ልማት» ይባላል። ዝም ብሎ የከፈለ ደግሞ «ልማታዊ» ይባልና በሚቀጥለው ወር ሌላ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

እኔ አዳማ መሐል ከተማ አነስተኛ ሱቅ ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን «መዋጮ ይቅር» ለማለት አይደለም። እንዲያውም የተገላቢጦሹን ነው የምለው። የአዳማ፣ የቢሾፍቱ፣ የሞጆ፣ የባቱና የሻሸመኔ ነጋዴ ለከተማው ማዋጣት አለበት፤ ከአሁኑ የበለጠም ማዋጣት ይችላል። ነገር ግን ያዋጣው ብር በተዋጣበት መንገድ ላይ ይዋል። ያዋጣው ሰው ራሱ ይዘዝበት። ሒሳቡንም ራሱ ይመርምር። ይህም በሹም መልካም ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይታሰር። በሌላው ዓለም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነገር ስለሆነ፣ እኛ ብንጠይቅ ሰማይ አይደፋም።

የከፈልነውን እስቲ እንቁጠረው

ነጋዴው የሚከፍለውን አንድ በአንድ ልብ ብሎ የቆጠረው ያለ አይመስለኝም። የንግድ ትርፍ ግብር አለ። በደርግ ዘመን ከወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ጀምሮ የሚከፈለው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው አለ። የንግድ ፈቃድ ማሳደሻ አለ። የማዘጋጃ ቤት የአገልግሎት ክፍያ አለ። እነዚህ ሕግ ያላቸው ስለሆኑ ይሁን፣ እንከፍላለን። ከዚያ ወዲያ የሚመጡት ግን አንዳንዴ ደረሰኝ ቢኖራቸው እንኳ ሕግ የላቸውም፤ እነሱ ናቸው «በጎ ፈቃድ» የሚባሉት። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀን ለራሳችን የምንከፍለው አለ፤ ለሌሊት ዘበኛ፣ ቆሻሻ ለሚያነሱ ወጣቶች፣ ክረምት ሲገባ ቦይ ለሚጠርግ የቀን ሠራተኛ።

አሁን ደግሞ በዚህ ሁሉ ብር የተገዛውን እንይ። አዳማ በኮረብቶች መካከል እንደ ሳህን የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከዳገቱ አሸዋና አፈር ተሸክሞ ወደ መሐል ከተማ ይወርዳል። ቦዩ በላስቲክና በጫት ገረባ ተደፍኖ ይጠብቀዋል። ጎርፉ ማለፊያ ሲያጣ ሱቃችን ይገባል። በጋ ሲሆን ደግሞ ያው አሸዋ አቧራ ሆኖ ከእቃችን ላይ ይተኛል። አንድ ዓመት ቦዩ እንዲጠረግልን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «በጀት አልተያዘለትም» ተባልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ከዚያው ቢሮ ለበዓል ማድመቂያ የመዋጮ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከጎኔ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት አዛውንት ደብዳቤውን አነበቡና፣ «አይ ልጄ፣ ለሠርጋቸው እኛ እንከፍላለን፤ ለኛ ለቅሶ ግን የሚደርስልን የለም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ሐተታ ልጽፍ አልችልም።

ነጋዴ ስስታም ነው የሚሉ አሉ። ስስታም ቢሆን ኖሮ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያ በሚሰበስበው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ባልተመላለሰ ነበር። በር ላይ ይከፍላል፣ ቲኬቱን ይቀበላል፣ ከዚያም የከፈለበትን አስፋልት በዓይኑ እያየ ይነዳል። የመንገዱን ክፍያ «መዋጮ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የከፈለበትን የሚያይ ሰው የሚያማርረው ዋጋው ሲወደድ ብቻ ነው። የከፈለበትን የማያይ ሰው ግን አንድ ብርም ትበዛበታለች።

ማዋጣትን ከኛ ይማሩ

ለመሆኑ በዚህ አገር ማዋጣትን ለሕዝብ ማስተማር ያስፈልጋል? እቁብ ያለን፣ እድር ያለን ሕዝብ ነን። እድርተኛው በየወሩ የሚከፍለው ፖሊስ ስለተላከበት አይደለም። ዳኛውን ያውቀዋል፣ ጸሐፊውን ያውቀዋል፣ ገንዘብ ያዡን ያውቀዋል፤ ሦስቱንም እጁን አውጥቶ የመረጣቸው እሱ ነው። ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ፣ ወንበሩ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ከተጠረጠረ በሚቀጥለው እሑድ ይሻራል። ከንቲባ እንዲህ ሲሻር አይተን አናውቅም።

የኮብልስቶኑንም ጊዜ እናስታውስ። በአዳማም በሌሎች ከተሞችም የውስጥ ለውስጥ መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍ፣ የየሰፈሩ ሰው ኮሚቴ መርጦ በነፍስ ወከፍ እያዋጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱም የድርሻውን እየጨመረ ነው የተሠራው። ማጉረምረም አልነበረም አልልም። ብሩ ግን ከበራፍህ ፊት ድንጋይ ሆኖ ሲደረደር ታየዋለህ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ካለን ምን ጎደለን? የጎደለን ነገር አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም። በአንድ ረድፍ ላይ አሥር ሱቅ አለ እንበል። ሰባቱ ተስማምተው ዘበኛ ይቀጥራሉ፤ ሦስቱ «አቅም የለንም» ይላሉ። ዘበኛው ግን ሌባ ሲመጣ «ይህ ሱቅ አልከፈለም» ብሎ አይለይም፤ ለአሥሩም ነው የሚጠብቀው። ሰባቱ ይህን ሲያዩ ይሰለቻሉ። በዓመቱ ስድስት፣ ከዚያም አራት ይሆናሉ፤ በመጨረሻ ዘበኛው ይሰናበታል። እድር ያልከፈለውን አይቀብርም፤ መንገድና መብራት ግን የከፈለውንና ያልከፈለውን መለየት አይችሉም። በፈቃደኝነት ብቻ የቆመ የገበያ ሰፈር ኮሚቴ ሁልጊዜ የሚሞተው በዚህ በሽታ ነው።

ቶሮንቶዎች እንዴት አደረጉት?

ይህ በሽታ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ብሉር ዌስት ቪሌጅ የሚባል የገበያ ሰፈር አለ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በሰፈሩ ዋና ጎዳና ሥር የምድር ባቡር ገባና መንገደኛው ከመሬት በላይ መሄዱን ተወ። የገበያ ማዕከሎች የሚባሉት ትላልቅ ሕንጻዎችም ከከተማው ዳር ተከፍተው ደንበኛውን ወሰዱት። ነጋዴዎቹ ማኅበር አቋቁመው መንገዱን ለማሳመር ቢነሱም፣ ከላይ ያልኩት ነገር ገጠማቸው፤ አንዳንዱ ያዋጣል፣ አንዳንዱ በነጻ ይጠቀማል። ስለዚህ መንግሥትን «ገንዘብ ስጠን» አላሉትም። «እኛ ተስማምተን የወሰንነውን መዋጮ በሁላችንም ላይ ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አውጣልን» አሉት። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ1969 ሕጉን አወጣ፤ የቶሮንቶ ምክር ቤትም በ1970 ሰፈሩን በደንብ አቋቋመ። መብራቱ፣ የአበባ መትከያው፣ መቀመጫው በነጋዴው ብርና በነጋዴው ውሳኔ ተሠራ። ዛሬ በቶሮንቶ ብቻ እንዲህ ያሉ ከ80 በላይ ሰፈሮች አሉ።

ፈረንጆቹ ነገሩን «ቢዝነስ ኢምፕሩቭመንት ዲስትሪክት» ይሉታል። እኔ በኛ አፍ «የገበያ ሰፈር ማኅበር» እለዋለሁ። አሠራሩ አጭር ነው። የአንድ መንገድ ወይም የአንድ ገበያ ነጋዴዎች ወሰናቸውን ያሰምራሉ። ምን እንደሚሠሩና በዓመት ስንት እንደሚፈጅ ጽፈው ለሁሉም ያከፋፍላሉ። በድምፅ ከጸደቀ መዋጮው በክልሉ ውስጥ ላለ ሁሉ ግዴታ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤቱ ከሌላው ክፍያ ጋር ይሰበስብና ለማኅበሩ ይመልሳል። በብሩ ላይ የሚያዘው ነጋዴዎቹ የመረጡት ቦርድ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ከ70 በላይ እንዲህ ያሉ ሰፈሮች አሉ። ከኛው አህጉር በኬፕ ታውን መሐል ከተማ ከ2000 ጀምሮ ይሠራበታል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የእንግሊዞቹ ሕግ ነው። በ2003 ባወጡት ሕግ መዋጮው የሚጸድቀው ሁለት ሚዛን ሲያልፍ ነው። አንደኛ፣ ድምፅ ከሰጡት መካከል አብዛኞቹ በቁጥር መስማማት አለባቸው። ሁለተኛ፣ የተስማሙት ሰዎች ይዞታ ለግብር በሚገመትበት ዋጋም ማመዘን አለበት። በዚህ ዓይነት ትንንሾቹ ተሰብስበው በትልቁ ላይ አይጭኑበትም፤ ትልቁም ብቻውን ትንንሾቹን አይጎትትም። በዚያ ላይ ማኅበሩ ዕድሜው ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። በአምስተኛው ዓመት እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል፤ ካልሠራ ይፈርሳል።

የጊዜ ገደብ ለኛ አገር ባዕድ ነው የሚል ካለ ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተከታዩ ያስረክባል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ሥርዓቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አዳማ ላይም በአባ ገዳ ስም ትልቅ አዳራሽ ሠርተናል። ምን ያደርጋል! በአዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ስንቀመጥ፣ ለአንድ የመዋጮ ኮሚቴ እንኳ «መቼ ነው ሥራህ የሚያበቃው?» ብለን አንጠይቅም።

ሕጉ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም?

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር አይሠራም» የሚሉ ይኖራሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በካናዳና በአሜሪካ መዋጮው በዋናነት የሚጣለው በባለ ንብረቱ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሱቅ የሚሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው፤ ወይ የግለሰብ፣ ወይ የቀበሌ፣ ወይ የመንግሥት ቤት። ባለይዞታው ሌላ ከተማ ተቀምጦ ኪራይ የሚሰበስብ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞቹ ግን መዋጮውን የሚጥሉት በቤቱ ውስጥ በሚሠራው ሰው ላይ ስለሆነ ለኛ ልክ የሚሆነው የነሱ ነው። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ይክፈል፣ ድምፅም ይስጥ። ባለይዞታውም መንገዱ ሲያምር ኪራይ መጨመሩ ስለማይቀር፣ የድርሻውን ይጨምር።

ሕግ ከተባለ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ በአስተዳደሩ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ኦሮሚያም በአዋጅ ቁጥር 65/1995 ከተሞቹ ምክር ቤትና ከንቲባ ኖሯቸው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጨፌው የሚጨምራት አንዲት አንቀጽ ናት፤ የከተማ ምክር ቤት በነጋዴዎች ድምፅ የጸደቀን የገበያ ሰፈር ማኅበር እንዲያቋቁምና መዋጮውን እንዲሰበስብለት የምትፈቅድ።

ጊዜውም አሁን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች በቦታና በቤት ላይ አዲስ ግብር የሚሰበስቡበት በር ተከፍቷል ማለት ነው። ይህም ብር እንደሌላው ወደ አንድ ድስት ገብቶ ማን እንደበላው የማይታወቅ ከሆነ፣ ነጋዴው ከነገ ወዲያ ለሚመጣው ለማንኛውም ልማት ጆሮውን ይደፍናል።

አንድ ታሪክ ደግሞ ላስታውስ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። ቀበሌው ኪራዩን ሰብስቦ ለሰፈሩ ሥራ እንዲያውለው ነበር ሐሳቡ። በሰፈር የተሰበሰበ ብር ለሰፈር ይዋል የሚለው ነገር በኛ ሕግ ውስጥ ያኔውኑ ነበረ ማለት ነው። ግን ምን ሆነ? ቀበሌው የሰፈሩ መሆኑ ቀረና የደርግ ክንድ ሆነ፤ አሳሽ፣ አሳሪ፣ ገራፊ። ሐሳቡን የገደለው ብር ማጣት አልነበረም። ማኅበሩ ለመራጩ ሳይሆን ለሿሚው መታዘዙ ነው። ለዚህ ነው ከብሩ በፊት የምርጫው ነገር የሚያስጨንቀኝ።

ለመሆኑ ማን መረጠው?

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። «በከተማው ምክር ቤት በኩል» እንላለን። ምክር ቤቱ የማን ነው? በአገራችን የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫም የአዳማና የሻሸመኔ ሰው ድምፅ የሰጠው ለፌዴራሉና ለክልሉ ምክር ቤት እንጂ ለከተማው አልነበረም። በ2005 የተወለደ ሕፃን ሱቅ ውስጥ አባቱን መርዳት ጀምሯል!

ካልመረጥከው ሰው ጋር ስለ ግብር መነጋገር ምን እንደሚመስል ሐምሌ 2009 ዓ.ም. አይተነዋል። የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች «የቀን ገቢ ግምት» የሚባል ነገር መጣባቸው። ገማቹ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «አንተ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» ብሎ ጽፎ ሄደ። አምቦና ወሊሶን በመሳሰሉ የኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ተቃወመ። ያ ተቃውሞ ከብሩ መጠን ይልቅ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል ጩኸት ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሻሸመኔ ተዛምቷል። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፤ ያማረውን አማረ እላለሁ፣ ዓይን አለኝና። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ባለሕንጻው በራሱ ወጪ ሕንጻውን እንዲቀባ ሲታዘዝ ቀለሙን የመረጠው ማን ነው? የሚፈርሰው ሱቅ የትኛው እንደሆነ የወሰነው ማን ነው? መብራቱ ሲቃጠል አምፖሉን የሚቀይረው ማን ነው? የተሠራውን ነገር የሚጠብቀው «የኔ ነው» የሚል ሰው ብቻ ነው። ሹሙ ሲዛወር አበባው ይደርቃል። በመንገዱ ላይ የሚውል ነጋዴ ግን አይዛወርም፤ ነገም እዚያው ነው።

አዳማን እኮ የሹም ትእዛዝ አላሳደጋትም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በሐዲዱ ላይ ያደገች የመንገደኛና የነጋዴ ከተማ ናት። ዛሬም የምትኖረው በጅቡቲ መንገድ በሚያልፈው ጭነትና ከአዲስ አበባ ለስብሰባ በሚመጣው እንግዳ ነው። የከተማዋ መሐል ቢቆሽሽ ከንቲባው ደመወዙ አይቀርበትም። የሚቀርበት ባለሆቴሉ፣ ባለሱቁ፣ ባለባጃጁ ነው። ታዲያ የሚጎዳው ቢወስንበት ምን ነውር አለው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ነገሩን አሳምሬ ብቻ ብነግራችሁ አታላይ እሆናለሁ። ማኅበሩ የሚበላሽባቸው ሦስት መንገዶች ይታዩኛል።

አንደኛው፣ አምስት ባለሆቴሎችና ሁለት ካድሬዎች ተሰብስበው «የነጋዴው ቦርድ ነን» የሚሉ ከሆነ ነው። ያን ጊዜ ያው መዋጮ ስሙን ቀይሮ መጣ ማለት ነው። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው።

ሁለተኛው፣ ደሃውን ማባረሪያ እንዳይሆን ነው። በአዳማ መንገድ ዳር ጉልት የዘረጋችው እናት፣ ጀብሎው፣ ሊስትሮው በሱቅ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ባለሱቅ ብቻ ድምፅ ከሰጠ የመጀመሪያው ውሳኔ «አንሱልን» ሊሆን ይችላል። በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል የሚባለው የባቡር ጣቢያ አካባቢ እንዲህ ያለ ማኅበር ነበር። መጠለያ የሌላቸውን ሰዎች «ሥልጠና» በሚል ስም በሰዓት ከአንድ ዶላር እስከ አንድ ዶላር ተኩል እየከፈለ ያሠራቸው ነበር። ከሰሱት። በ1998 ዳኛዋ ሶንያ ሶቶማዮር፣ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት፣ ሰዎቹ ሠራተኞች ስለሆኑ ዝቅተኛው የሕግ ደመወዝ ይገባቸዋል ብለው ፈረዱ። እዚያ ደሃው የሚከስበት ፍርድ ቤት ነበረው። እኛ ዘንድ ደንቡን ስንጽፍ ነው መጠንቀቅ ያለብን።

ሦስተኛው፣ መንግሥት «እንግዲህ ማኅበር አላችሁ፤ ጥበቃችሁንም ራሳችሁ ቻሉት» ብሎ እጁን እንዳያወጣ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ሻሸመኔና ባቱ ላይ የሆነውን አንረሳውም። ሱቅና ሆቴል ተቃጠለ፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች እንኳ አልተረፉም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከዚያ ግድያ በኋላ በኦሮሚያ በነበረው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን በሪፖርቱ ገልጿል። በነጋዴ መዋጮ የተቀጠረ ባለ ዱላ ዘበኛ ሌባ ያስደነግጣል እንጂ እንዲያ ያለ እሳት አያቆምም። ሰው እንዳይገደል፣ ቤት እንዳይቃጠል መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ለዚህ ግብር ከፍለናል። የማኅበሩ ብር በመንግሥት ሥራ ላይ የሚጨመር እንጂ የመንግሥትን ሥራ የሚተካ አይደለም።

እንዲህ ቢሆንስ?

ስለዚህ ለከተማው ሹማምንትም፣ ለጨፌውም፣ ለኛው ለነጋዴዎቹም የማቀርበው ይህ ነው።

1ኛ/ በአንድ መንገድ ይጀመር። መላው ከተማ አያስፈልግም፤ አንድ የገበያ መንገድ ይበቃል።

2ኛ/ ድምፁ በምስጢር ይሰጥ። ካድሬ በተቀመጠበት እጅ ማውጣት ድምፅ አይባልም። በሱቅ ቁጥርም በይዞታ ግምትም ማለፍ አለበት።

3ኛ/ ተከራይ ነጋዴ ሙሉ ድምፅ ይኑረው። ጉልተኞችና ጀብሎዎችም በቦርዱ ውስጥ ራሳቸው የመረጡት ወኪል ይኑራቸው፤ ያለ ምትክ ቦታ ማንም አይነሳ።

4ኛ/ ብሩ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦ ያስረክብ እንጂ አይዘዝበት። የወሩ ገቢና ወጪ በመንገዱ ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ አላፊ አግዳሚው ያንብበው።

5ኛ/ ማዘጋጃ ቤቱ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ይሰጠው የነበረው አገልግሎት ተቆጥሮ በውል ይጻፍ፤ አንዱንም እንዳይቀንስ።

6ኛ/ አምስት ዓመት ሲሞላ ድምፅ ካልተሰጠበት ይፍረስ።

7ኛ/ ማኅበሩ ባለበት መንገድ ላይ «በበጎ ፈቃድ» የሚባል ደብዳቤ ዳግመኛ አይምጣ!

ብሩስ ይበቃል ወይ? እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው። በአንድ መንገድ ላይ 300 ሱቅ ቢኖርና እያንዳንዱ በአማካይ በወር 200 ብር ቢከፍል፣ በወር 60,000፣ በዓመት 720,000 ብር ነው። ትልቁ ሆቴል ብዙ፣ ትንሹ ኪዮስክ ጥቂት ይከፍላል። ይህ ብር አስፋልት አይሠራም። ቦዩን ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ያደርገዋል፣ ቆሻሻውን በየማለዳው ያነሳዋል፣ የተቃጠለውን አምፖል ይቀይረዋል፣ ለዘበኛው ፉጨትና ካፖርት ይገዛለታል። ዛሬ በተለያየ ስም ከምናወጣው ደግሞ ይህ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

ለሹሞቻችን አንድ ነገር ልበል። ነጋዴው በራሱ ብር ላይ ማዘዝ ከለመደ በሌላውም ላይ መጠየቅ ይጀምራል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ልክ ናችሁ፤ ይጀምራል። ለሦስት መቶ ሱቅ ቦርድ መምረጥ የቻለ ሰው «የከተማውን ምክር ቤትስ መቼ ነው የምመርጠው?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ግን ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ የሚያስፈራው ጠይቆ ጠይቆ ሰልችቶት ዝም ያለ ከተማ ነው።

ለኛ ለነጋዴዎቹም አለኝ። ደብዳቤ ሲመጣ በጓዳ እያማረርን በአደባባይ ስናጨበጭብ ኖረናል። «ማን ይናገራል?» እያልን የጎረቤታችንን አፍ እንጠብቃለን፤ እሱም የኛን ይጠብቃል። መንግሥት ሕጉን እስኪያወጣ ድረስ አንድ ረድፍ ሱቅ ተሰብስቦ ዝርዝሩን መጻፍ፣ ወጪውን ማስላት፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን ማዘጋጀት ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ፈቃድ አያስፈልግም። ከዚያ የሚመጣው የመዋጮ ደብዳቤ ሲደርሰን በአንድ ድምፅ የምንመልሰው መልስ ይኖረናል፦ «እንከፍላለን። ማዘዙ ግን የማን ነው?»